የምግብ ናሙና ምርመራ፤ ከመማሪያ ክፍል እስከ ችሎት

የበዓል ዋዜማ በደረሰ ቁጥር በአዲስ አበባ ገበያዎች ከሚሰሙ ቅሬታዎች መካከል የቅቤ ጉዳይ አንዱ ነው። ሲገዛ ለጋና ያማረ የሚመስለው ቅቤ ቤት ገብቶ እሳት ሲነካው መዓዛው ሳይሸት፣ ከድስቱ ሥር ደግሞ ምንነቱ የማይታወቅ ዝቃጭ ትቶ ይቀራል። ሸማቿ የተቀላቀለበት ሙዝ ነው ትላለች፤ ጎረቤቷ የተቀቀለ ድንች ነው ትላለች፤ ሻጩ ደግሞ ከገበሬው እንደገዛው መሸጡን በመሐላ ይናገራል። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ማር ከስኳር፣ እንጀራ ከጀሶና ከሰጋቱራ ጋር ተቀላቅለው ለገበያ መቅረባቸውም ባለፉት ዓመታት በመገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ሲዘገብ ቆይቷል።

በዚህ ክርክር መሐል የሚገኘው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የወረዳው የንግድ ተቆጣጣሪ፣ የክፍለ ከተማው የምግብ ቁጥጥር ባለሙያ፣ መርማሪ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቀን አንድ ወረቀት እጃቸው ይገባል። ወረቀቱ "የምርመራ ውጤት" ይላል። በዚያ ወረቀት መነሻነት ሱቅ ይታሸጋል፣ ንብረት ይወገዳል፣ ሰው ይከሰሳል፤ ወይም ደግሞ ጥፋተኛው በነፃ ይሄዳል። ታዲያ ወረቀቱ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለይቶ ማንበብ ለኬሚስት ብቻ የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ይህንን የማንበብ ችሎታ ለማዳበር የሚያስችለው መሠረታዊ ትምህርት ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል ይጀምራል። በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ለዓመታት የቆየው የምግብ ንጥረ ነገሮች ምርመራ ስታርችን፣ ስኳርን፣ ፕሮቲንንና ስብን በቀላል ኬሚካሎች ለይቶ ማወቅን ያስተምራል። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ መምህራን ይህንኑ ትምህርት ይበልጥ ሳቢ ለማድረግ በፎረንሲክ ምርመራ መልክ ያቀርቡታል። ተማሪዎቹ መርማሪዎች ይሆናሉ፤ ምግቡ ማስረጃ ይሆናል፤ መምህሩ ደግሞ እውነቱን በታሸገ ፖስታ ይዞ ይጠብቃል።

በነፋስ ስልክ ቢሆንስ?

በደቡባዊ አዲስ አበባ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተመቸ አካባቢ ነው። ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ለቡንና ጀሞን የመሳሰሉ ሰፋፊ የመኖሪያ ሠፈሮችን የያዘው ይኸው ክፍለ ከተማ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የከተማዋን ትልቅ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ያስተናግዳል። ፋብሪካውና መጋዘኑ፣ ጉሊቱና ሱፐርማርኬቱ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የአካባቢው መጠሪያ የሆነው "ነፋስ ስልክ" ራሱ ሽቦ አልባውን የራዲዮ ቴሌግራፍ ለማመልከት የወጣ ስም መሆኑ ይታወቃል። በዓይን የማይታየውን መልእክት የሚቀበል መሣሪያ ስም የተሸከመ ሠፈር፣ በዓይን የማይታየውን የምግብ ይዘት ለሚገልጥ ትምህርት ምሳሌ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

እስቲ በዚህ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚከተለው ጉዳይ ለተማሪዎች ቀረበ እንበል። አንዲት እናት ለበዓል ቅቤ ገዝተው ሲያነጥሩት እንደ ቅቤ አልሆነላቸውም። ከየትኛው ሻጭ እንደገዙ በትክክል አያስታውሱም፤ በዕለቱ ግን ከሦስት ሻጮች በአንዱ ዘንድ ቆመው እንደነበር ያውቃሉ። መምህሩ አምስት ናሙናዎችን አዘጋጅተው በፊደል ብቻ ይለዩአቸዋል። ናሙና "ሀ" ንጽሕናው አስቀድሞ የተረጋገጠ ቅቤ ነው። ናሙና "ለ" እናትየዋ ያመጡት ነው። ናሙና "ሐ"፣ "መ" እና "ሠ" ደግሞ ከሦስቱ ሻጮች የተወሰዱ ናቸው። የተማሪዎቹ ተግባር ለእናትየዋ መጥፎውን ቅቤ የሸጠው ማን እንደሆነ መለየት ነው።

አራቱ ምርመራዎች

ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከአራት ዋና ዋና ግዙፍ ሞለኪዩሎች የተገነቡ ናቸው። እነርሱም ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ስብና ቅባት እንዲሁም ኒውክሊክ አሲድ ናቸው። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚመረመሩት በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው።

ስታርች የሚለየው በአዮዲን ነው። ቡናማ ቢጫ መልክ ያለው የአዮዲን ፈሳሽ ስታርች ባለበት ነገር ላይ ሲንጠባጠብ ወዲያውኑ ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ይለወጣል። ይህ የሚሆነው የአዮዲን ሞለኪዩሎች እንደ ጠመዝማዛ ቱቦ በተጠቀለለው የስታርች ሰንሰለት ውስጥ ስለሚገቡ ነው። ድንች፣ ዳቦ፣ እንጀራና ቡላ ለዚህ ምርመራ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ሆኖም ናሙናው ትኩስ ከሆነ ቀለሙ ስለሚጠፋ ስታርች እያለ የለም ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ያደርሳል። ስለዚህ ቅቤው ከውኃ ጋር ሞቆ ከተበጠበጠና ስቡ ከላይ ከተንሳፈፈ በኋላ ከሥር የቀረው ውኃ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የግድ ይሆናል።

ስኳር የሚለየው በቤኔዲክት ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ስሙን ያገኘው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካዘጋጀው አሜሪካዊው ኬሚስት ስታንሊ ቤኔዲክት ነው። በውስጡ የሚገኘው ሰማያዊ የመዳብ ውሁድ በፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲሞቅ እንደ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ላክቶስ ካሉ ስኳሮች ጋር ተዋሕዶ መልኩን ይለውጣል። የስኳሩ መጠን አነስተኛ ከሆነ አረንጓዴ፣ መካከለኛ ከሆነ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፣ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ የጡብ ቀለም ይይዛል። በሱቅ የሚሸጠው ተራ ስኳር ግን፣ ሱክሮስ የሚባለው ማለት ነው፣ በቀጭን አሲድ ፈልቶ ካልተሰነጠቀ በስተቀር ለዚህ ምርመራ መልስ አይሰጥም።

ፕሮቲን በባይዩሬት ምርመራ ይለያል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ጥቂት ኮፐር ሰልፌት ሲጨመርበት ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ ከሰማያዊነት ወደ ወይን ጠጅ መልክ ይለወጣል። ለውጡ የሚመጣው የፕሮቲን ቅንጣቶችን አንዱን ከሌላው ጋር ከሚያያይዘው የፔፕታይድ ትስስር ጋር መዳቡ ስለሚቆራኝ ነው። የእንቁላል አስኳል ዙሪያ የሚገኘው ነጩ ክፍል፣ ወተትና የሽምብራ ዱቄት ይህንን በግልጽ ያሳያሉ።

ስብ ደግሞ በኢታኖል ይፈተሻል። ናሙናው በአልኮል ከተበጠበጠ በኋላ ወደ ውኃ ሲገለበጥ ስብ ካለበት ወተት የመሰለ ነጭ ድፍርስ ይፈጠራል። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በዚህ ምርመራ ወቅት በአቅራቢያው እሳት መኖር የለበትም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም ቆዳንና ዓይንን ስለሚጎዳ የዓይን መከላከያና ጓንት ያስፈልጋል። ወደ ቤተ ሙከራ የገባ ምግብም ተመልሶ አይበላም።

ቀለሙ ተናገረ፤ ምን አለ?

ተማሪዎቹ ምርመራውን ሲያከናውኑ ውጤቱ እንደሚከተለው ይሆናል። ናሙና "ሐ" በአዮዲን ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ የተቀቀለ ድንች ተቀላቅሎበታልና። ናሙና "መ" በአዮዲን ብዙም ሳይለወጥ በቤኔዲክት ግን የጡብ ቀለም ይይዛል፤ የበሰለ ሙዝ ተቀላቅሎበታል። ሙዝ ሲበስል አብዛኛው ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ጥሬ ሙዝና የበሰለ ሙዝ በአንድ ዓይነት ምርመራ አይያዙም። ናሙና "ሠ" በበኩሉ ስታርችም ሆነ ጎላ ያለ ስኳር ሳያሳይ ለስብ ብቻ መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ የክፍሉ ስሜት ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉ አይቀርም። "ሐ" እና "መ" አጭበርባሪዎች፣ "ሠ" ደግሞ ታማኝ ነጋዴ ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን የእናትየዋ ናሙና "ለ" ሲመረመር ስታርችም ስኳርም አይገኝበትም። ልክ እንደ "ሠ" ለስብ ብቻ መልስ ይሰጣል። መምህሩ የታሸገውን ፖስታ ሲከፍቱ እውነቱ ይገለጣል። ናሙና "ሠ" ግማሹ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ነው። በምርመራው ንጹሕ የመሰለው ነጋዴ ለእናትየዋ የሸጠው ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ስብ በስብ ሲቀላቀል የስብ ምርመራ ልዩነቱን ሊያሳይ አይችልም። ኢታኖሉ የተጠየቀው "ስብ አለ ወይ?" ተብሎ ነው፤ እርሱም በትክክል "አለ" ብሎ መልሷል። ስቡ ከላም ወተት ይሁን ከዘንባባ ፍሬ አልተጠየቀም። ስለሆነም "ባዕድ ነገር አልተገኘም" የሚለው ሐረግ "በዚህ ምርመራ ሊገኝ የሚችል ባዕድ ነገር አልተገኘም" ማለት እንጂ "ምግቡ ንጹሕ ነው" ማለት አይደለም።

ከዚህም የከበደ ሌላ ቁም ነገር አለ። አንዳንድ ተማሪዎች "ለ" እና "ሠ" ተመሳሳይ ውጤት ስላሳዩ እናትየዋ የገዙት ከ"ሠ" ነው ብለው ይደመድሙ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ድምዳሜው እውነት ቢሆንም ማስረጃው ግን አያደርስም። ምክንያቱም ንጽሕናው የተረጋገጠው ናሙና "ሀ" ጭምር ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። የሁለት ነገሮች መመሳሰል ከአንድ ምንጭ ለመምጣታቸው ማረጋገጫ የሚሆነው ሌላው ሁሉ ከእነርሱ ሲለይ ብቻ ነው። "ይመሳሰላል" እና "የእርሱ ነው" በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት አንድ ሰው በወንጀል እስከመጠየቅ የሚያደርስ ርቀት ነው።

ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት

ናሙና "ሀ" ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄም ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። በአገራችን ቅቤ በአብዛኛው የሚወጣው ከረጋ ወተት ተንጦ ነው። ያልተነጠረ ቅቤ ደግሞ ምንጊዜም ጥቂት አሬራ ይዞ ይቀራል። በአሬራው ውስጥ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳርና የወተት ፕሮቲን አሉ። ዓለም አቀፉ የምግብ መመዘኛ፣ ኮዴክስ፣ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ የወተት ስብ እንዲኖረው፣ የውኃው መጠን ከ16 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከስብና ከውኃ ውጪ ያለው የወተት ጥጥር ይዘት ደግሞ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ይህም ማለት ፍጹም ንጹሕ የሆነ ቅቤ እንኳ በቤኔዲክት ቀላል አረንጓዴ፣ በባይዩሬትም ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው።

ማነጻጸሪያ ሳይዝ የሚመረምር ሰው ያቺን ቀላል አረንጓዴ አይቶ "ስኳር ተገኘ" ብሎ ቢጽፍ ውሸት አልጻፈም። ነገር ግን ያ አንድ መስመር የአንድ ታማኝ ገበሬን ወይም ነጋዴን መተዳደሪያ ሊያሳጣ ይችላል። ንጽሕናው የታወቀ ናሙና፣ ባዕድ ነገር ሆን ተብሎ የተጨመረበት ናሙናና ምንም ምግብ የሌለበት ውኃ አብረው መመርመር ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የተፈጥሮውን መጠን ያሳያል፤ ሁለተኛው ኬሚካሉ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዕቃው አለመበከሉን ይመሰክራል።

የማር ጉዳይ ይህንን ይበልጥ ያጎላዋል። ማር በተፈጥሮው ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ የተሠራ በመሆኑ ንጹሑም የተቀላቀለበትም በቤኔዲክት የጡብ ቀለም ይይዛሉ። ኮዴክስ ለአበባ ማር ያስቀመጠው መመዘኛ የሁለቱ ስኳሮች ድምር በ100 ግራም ከ60 ግራም እንዳያንስ፣ ሱክሮስ ደግሞ በአጠቃላይ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ የማር ጥያቄ "ስኳር አለ ወይ?" ሳይሆን "የትኛው ስኳር፣ ምን ያህል?" የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሙከራ ቱቦ ቀለም ሳይሆን መጠንን የሚለካ መሣሪያ ነው።

ማስረጃው ከገበያ እስከ ቤተ ሙከራ

የፎረንሲክ መልክ ያለው ትምህርት ከኬሚስትሪው ባልተናነሰ የሚያስተምረው የማስረጃ አያያዝን ነው። ተማሪው ናሙናውን ሲቀበል ማን፣ መቼ፣ ከየት፣ ከምን ያህል ክምችት ውስጥ እንደወሰደው ይመዘግባል። ዕቃው ይታሸጋል፤ ርክክቡ በፊርማ ይከናወናል። መርማሪው የትኛው ናሙና የማን እንደሆነ እንዳያውቅ በፊደል ወይም በቁጥር ብቻ ይለያል። ሰው የሚጠብቀውን ቀለም የማየት ዝንባሌ ስላለው ይህ ጥንቃቄ የመርማሪውን ሐቀኝነት ከመጠራጠር የመጣ አይደለም።

በገበያም ያው ነው። ከቅል አፍ የተወሰደ ቅቤ በቅሉ ሥር ስላለው ቅቤ አይመሰክርም። ንጹሑ ከላይ፣ የተቀላቀለው ከሥር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ተወስዶ መዋሐድ አለበት። በብዙ አገሮች የተለመደው አሠራር የተወሰደው ናሙና ለሦስት ተከፍሎ እንዲታሸግ ነው። አንዱ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ አንዱ ለንብረቱ ባለቤት ይሰጣል፤ ሦስተኛው ክርክር ቢነሳ ለዳግም ምርመራ ይቀመጣል። ይህ አሠራር ሸማቹንም ነጋዴውንም እኩል የሚጠብቅ ሲሆን የተቆጣጣሪውንም ስም ከሐሜት ያድናል።

ከቀለም ወደ ልኬት

በቤተ ሙከራዎች የሚከናወነው ምርመራ መሠረቱ ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ቢሆንም መልሱ በቁጥር የሚገለጽ ነው። የፕሮቲን መጠን ለመለካት እስከ ዛሬ በስፋት የሚያገለግለው ዘዴ ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ በ1883 ያስተዋወቀው ነው። ዘዴው በምግቡ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን መጠን ለክቶ ብዙውን ጊዜ በ6.25 በማባዛት ፕሮቲኑን ያሰላል።

ይሁንና ይህ የተከበረ ዘዴም የራሱ ክፍተት አለው። እ.ኤ.አ በ2008 በቻይና ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ፕሮቲኑ የቀነሰ እንዳይመስል ሜላሚን የተባለ በናይትሮጅን የበለጸገ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ተጨምሮበት ነበር። መሣሪያው ናይትሮጅኑን ሲያይ ፕሮቲን ያየ መሰለው። በዚህም ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ሲታመሙ ስድስቱ ሞተዋል። አጭበርባሪዎቹ ያታለሉት ሸማቹን ብቻ ሳይሆን የምርመራ ዘዴውን ጭምር ነበር። የትኛው ምርመራ ምን እንደሚለካ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ቅቤው ስንመለስ፣ በትምህርት ቤት ያልተፈታው የናሙና "ሠ" እንቆቅልሽ በተደራጀ ቤተ ሙከራ መፍትሔ አለው። የላም ቅቤ ቡቲሪክ አሲድ የተባለና ሌሎች አጫጭር የስብ አሲዶችን ይዟል፤ የዘንባባ ዘይት ግን እነዚህን አልያዘም ማለት ይቻላል። በተጨማሪም የእንስሳት ስብ ኮሌስትሮል ሲይዝ የዕፅዋት ዘይት የራሱ የሆኑ ስቴሮሎችን ይይዛል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተሰኘው መሣሪያ እነዚህን ለያይቶ በመለካት ቅልቅሉን ያጋልጣል።

ሕንድ ለዚሁ ችግር በሕግ በኩል የተጠቀመችበት ዘዴም ትኩረት የሚስብ ነው። በአገሪቱ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሚረጋ የአትክልት ዘይት አምራቾች በምርታቸው ውስጥ ቢያንስ 5 በመቶ የሰሊጥ ዘይት እንዲጨምሩ በደንብ ተገድደው ቆይተዋል። የሰሊጥ ዘይት በቀላል የኬሚካል ምርመራ ቀይ ቀለም ስለሚሰጥ የአትክልት ዘይቱ ከንጥር ቅቤ ጋር ሲቀላቀል ወዲያውኑ ይታወቃል። ውድ መሣሪያ በሌለበት ሥፍራ ሕግ አውጪው ራሱ ምርመራውን ቀላል አድርጎታል ማለት ነው።

ከአራቱ ሞለኪዩሎች ውጪ ያለው አደጋ

የምግብ ንጥረ ነገሮች ምርመራ ፈጽሞ የማይደርስባቸው አደጋዎችም አሉ። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት የተባለ ማዕድን በመሆኑ አዮዲንም ቤኔዲክትም አይመለከቱትም። የሚገኘው ምግቡ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ሲመዘንና ሲመረመር ነው። የሸክላ ዱቄትም እንዲሁ። የእነዚህ መኖር የሚታወቀው አመዱ ከተፈጥሯዊው መጠን በላይ ሲሆን ነው።

በትግራይ ክልል በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ነዋሪዎችን ያጠቃው ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ለዓመታት ሲመረመር ቆይቶ በመጨረሻ ከእህል ጋር ከሚደባለቅ መርዛማ አረም ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። እህሉ በስታርችም በፕሮቲንም ሲፈተሽ ጤናማ እህል ነው። መርዙ በእጅግ አነስተኛ መጠን የሚገኝ ሌላ ውሁድ ነበር።

በአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ምርት ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ በ2016 የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በጥናቱ ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን ኤም 1 የተገኘባቸው ሲሆን 26.3 በመቶ የሚሆኑት በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ይዘው ተገኝተዋል። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚመገቡት ሻጋታ ያጠቃው መኖ፣ በተለይም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱ ላይ ማንም ምንም አልጨመረም፤ ስቡም ፕሮቲኑም የተሟላ ሊሆን ይችል ነበር። ጥፋቱ የተጀመረው ከመኖው ነው። በዚህ ጉዳይ ተጠያቂ ፍለጋ ወተት ሻጩ ዘንድ ብቻ ቢቆም ኖሮ ችግሩ ባልተፈታ ነበር።

ሕጉና የባለሙያው ኃላፊነት

በአገራችን ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ ለኅብረተሰቡ ማቅረብ በሕግ የተከለከለ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ቁጥጥሩን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እና የክልል አካላት እንዲያከናውኑ ያደርጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በንግዱ በኩል፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቅጣት በኩል ጉዳዩን ይመለከቱታል። በምርመራ ረገድ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት የምግብ ቤተ ሙከራዎች አሏቸው። የቤተ ሙከራ ብቃት የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ መሥፈርትም አይ.ኤስ.ኦ 17025 በመባል ይታወቃል።

ሕጉና ተቋማቱ ቢኖሩም ውጤቱን የሚያነበው ሰው ጥያቄ ካላነሳ ሥራው ሙሉ አይሆንም። የምርመራ ውጤት እጁ የገባ ኃላፊ ቢያንስ አምስት ነጥቦችን ማጣራት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደና በማን እጅ እንዳለፈ ተመዝግቧል ወይ? ሁለተኛ፣ ምርመራው የለካው ምንድን ነው፤ ሊለካ የማይችለውስ? ሦስተኛ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሯል? አራተኛ፣ ውጤቱ በቀለም ነው ወይስ በመጠን፤ በመጠን ከሆነስ ከየትኛው መመዘኛ ጋር ሲታይ? አምስተኛ፣ ዳግም ለመመርመር የሚያስችል የታሸገ ናሙና ቀርቷል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወረቀት ለጥርጣሬ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለውሳኔ ግን አይበቃም።

ቀላሉ የትምህርት ቤት ምርመራ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በገበያ ውስጥ የአዮዲን ጠብታ በደቂቃ ውስጥ ቅቤ ወይም ወተት ከዱቄትና ከድንች ጋር መቀላቀሉን ልትጠቁም ትችላለች። በዚህ መልኩ የትኛው ናሙና ቀድሞ ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ እንዳለበት ለመለየት ትረዳለች። ወጪዋም አነስተኛ ነው። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው አዮዲን በውኃ ቀጥኖ ለዚሁ ስለሚያገለግል የተሟላ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ከትምህርቱ ቢያንስ አንዱን ክፍል መስጠት አያቅተውም።

ከዚህ አኳያ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ተቀራርበው ቢሠሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን በገበያው ምግብ ላይ ሲያየው ትምህርቱ አይረሳውም። ተቆጣጣሪው በበኩሉ ነገ ጠያቂ ሸማች፣ ጠንቃቃ ነጋዴና ብቁ ባለሙያ የሚሆን ትውልድ ያገኛል። ከሁሉም በላይ ግን በዚያ የነፋስ ስልክ ክፍል ውስጥ ንጹሕ የመሰለው ናሙና "ሠ" ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱን ያየ ተማሪ አድጎ በቢሮው ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ፊቱ የቀረበውን የምርመራ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ያነበዋል። በአንድ በኩል የሸማቹ ጤና፣ በሌላ በኩል የነጋዴው እንጀራ የተንጠለጠለው በዚያ ፊርማ ላይ ነውና ለዚህ ትምህርት ተገቢው ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።